ከአመድ የተነሣው የብረት ሰው፦ የሚትሱተሩ ዮኮያማ ሕይወት

ባሕር ዳር፦ ሚያዝያ 7/2016 ዓ.ም

ጃፓናዊው ሰዓሊና ደራሲ ሚትሱተሩ ዮኮያማ ካረፈ ሚያዝያ 7/2016 ዓ.ም 20 ዓመት ሞላው። በሀገሩ አባትም ልጅም ሥራዎቹን እያነበቡ አድገዋል። ከሀገሩ ውጭ ግን ከስሙ ይልቅ የእጁ ሥራ ይታወቃል፤ እርሱም ከፎቅ ጋር የሚስተካከል፣ በሰማይ የሚበር፣ ጥይት የማይበሳው የብረት ሰው ነው። ይህን ግዙፍ ፍጡር የሚያዘው ጄኔራል ወይም ንጉሥ አልነበረም፤ ቁምጣ የለበሰ የአስር ዓመት ልጅ ነበር።

በ1960ዎቹ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ልጆች ይህን ብረት በቴሌቪዥን እያዩ አድገዋል። ከየት እንደመጣ፣ ስለምንስ እንደተፈጠረ ግን የነገራቸው አልነበረም። የብረቱ ሰው የተጸነሰው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ባቃጠሏት ከተማ፣ ከገጠር መጠለያው በተመለሰ ሕጻን ልብ ውስጥ ነው። የዮኮያማ ሕይወት ያ ሕጻን ያየውን ጥፋት እንዴት ወደ ተረት እንደቀየረው፣ ተረቱም ባሕር ተሻግሮ ከተማውን ባቃጠለው ሕዝብ ልጆች ዘንድ እንዴት እንደተወደደ የሚያሳይ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወደብ ከተማዋ ልጅ

ዮኮያማ ጁን 18/1934 በምዕራብ ጃፓን በምትገኘው የኮቤ ከተማ፣ ሱማ በተባለው ክፍለ ከተማ ተወለደ። ኮቤ ከፊቷ ባሕር፣ ከኋላዋ ተራራ ያላት፣ በሁለቱ መካከል ጠባብና ረጅም ሆና የተዘረጋች ወደብ ናት። በዚያን ዘመን መርከብ የሚሠራባቸው ግቢዎችና ብረት የሚቀልጥባቸው ፋብሪካዎች የከተማዋ ጉልበት ነበሩ። ይኸው ጉልበቷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላት ዐይን እንዲያርፍባት አደረገ።

በ1944 ጦርነቱ በጃፓን ላይ እየከፋ ሲሄድ መንግሥት የከተማ ልጆች ወደ ገጠር እንዲወጡ ወሰነ። ዮኮያማም ከቤተሰቡ ጋር ወደ ቶቶሪ ሄደ። ቶቶሪ በጃፓን ባሕር ዳርቻ የምትገኝ፣ ዛሬም በፒር ፍሬዋና በአሸዋ ክምሮቿ የምትታወቅ፣ አርሶ አደርና ዓሣ አጥማጅ የሚኖርባት አካባቢ ናት። ሕጻኑ በገጠር ሲሰነብት የትውልድ ከተማው የጦርነቱን እሳት ተቀበለች።

በማርች 1945 ቢ-29 የተባሉት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በሌሊት ኮቤ ላይ እሳት አዘነቡ። የከተማዋ ቤቶች አብዛኞቹ ከእንጨት የተሠሩና እርስ በርስ የተጠጋጉ ስለነበሩ እሳቱ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ለመዝለል አልተቸገረም። በጁን ወር ሌላ ከባድ ድብደባ ተከተለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ሞቱ፤ የተረፉትም አብዛኞቹ ቤት አልባ ሆኑ። ጦርነቱ አብቅቶ የአምስተኛ ክፍል ተማሪው ዮኮያማ ሲመለስ የሚያውቃት ከተማ በቦታዋ አልነበረችም። መንገዱና ሰፈሩ ጠፍቶ እስከ ዐይን ዳርቻ የተቃጠለ ሜዳ ተዘርግቶ ጠበቀው።

ዮኮያማ ዕድሜው ከገፋ በኋላ የብረቱ ሰው ከሦስት ነገሮች እንደተወለደ ጽፏል። የመጀመሪያው ይህ የተቃጠለ ሜዳና ሜዳውን የፈጠሩት የቢ-29 አውሮፕላኖች ናቸው። ሁለተኛው ጀርመኖች የጦርነቱን ዕጣ ይቀይርልናል ብለው ተስፋ ስለጣሉበት ቪ-2 የተባለ ሮኬት የሰማው ወሬ ነው። ሦስተኛው በ1931 በአሜሪካ የተሠራው የፍራንከንስታይን ፊልም ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ሰው ሠራሹ ፍጡር በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ ክፉም ደግም የሚያደርገው ከሰዎች የሚደርስበት ነገር ነው። አንድ ሕጻን ከእነዚህ ሦስት ነገሮች የጨበጠው ሐሳብ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀውም፤ ኀይል ያለው ነገር የራሱ ልብ የለውም፤ መልካምነቱም ክፋቱም የያዘው እጅ ነው።

ከባንክ ወንበር ወደ ሥዕል ጠረጴዛ

ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን ልጆች ምግብም መጫወቻም አጥተው ነበር። በዚያ ችግር መካከል በኮቤ ጎረቤት በኦሳካ ከተማ በርካሽ ወረቀት የሚታተሙ፣ ሽፋናቸው በቀይ ቀለም የደመቀ የሥዕል ታሪኮች መሸጥ ጀመሩ። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ማንጋ ይሉታል። ከማንጋ ሠሪዎቹ ሁሉ ጎልቶ የወጣው ወጣቱ የሕክምና ተማሪ ኦሳሙ ቴዙካ ነበር። ቴዙካ በ1949 ያሳተመው ሜትሮፖሊስ የተሰኘው ሥራ በዮኮያማ እጅ ገባ። ልጁ መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ የሕይወቱ መንገድ ተለይቶለት ነበር።

ይሁን እንጂ ሥዕል እንጀራ አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ በዚያም ሀገር የጸና ነበር። ዮኮያማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደጨረሰ በኮቤ ባንክ ተቀጠረ። ከድህነት ገና ላልወጣ ሀገር ወጣት የባንክ ሥራ ቤተሰብ የሚኮራበት፣ ጎረቤት የሚቀናበት ዕድል ነበር። ዮኮያማ ግን ሥራው ለሥዕል ጊዜ ስላሳጣው ጥቂት ወራት ሠርቶ ለቀቀ። ቀጥሎም በአንድ የፊልም ድርጅት የማስታወቂያ ክፍል ገብቶ ቀን ለደመወዝ፣ ማታ ለብዕሩ መሥራት ጀመረ።

በ1955 የመጀመሪያ መጽሐፉ ታተመ። ሥራው የቴዙካን ዐይን ሳበ፤ ዮኮያማም የሚያደንቀውን ሰው በሥራ ለማገዝ በቃ። በቀጣዩ ዓመት የፊልም ድርጅቱን ትቶ ወደ ቶኪዮ አቀና። ቶኪዮ ሲደርስ ሀብትም ዘመድም ሳይሆን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በውስጡ ሲያብላላው የኖረውን አንድ ሐሳብ ይዞ ነበር።

ልብ የሌለው ብረት

በ1956 ሾኔን በተባለው የልጆች ወርኀዊ መጽሔት ላይ ቴትሱጂን 28 የተሰኘ ታሪክ በተከታታይ መውጣት ጀመረ። ቴትሱጂን በጃፓንኛ የብረት ሰው ማለት ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የጃፓን ጦር ሽንፈትን የሚቀለብስ ግዙፍ የብረት ወታደር በምስጢር እንዲሠራ ያዛል። ሥራውን የሚመሩት ዶክተር ካኔዳ የተባሉ ሳይንቲስት ናቸው። አንዱ ሲከሽፍ ሌላው እየተሠራ ቁጥሩ 28 ይደርሳል። በዚህ መካከል ጦርነቱ ያበቃል። ለመግደል የተሠራው ብረት ጦርነት በሌለበት ዘመን ይነቃል፤ ማዘዣውም በዶክተሩ ልጅ፣ ሾታሮ በተባለው የአስር ዓመት ብላቴና እጅ ይገባል።

በዚያው መጽሔት ላይ የቴዙካ ታዋቂ ገጸ ባሕርይ፣ አቶም የተባለው ትንሽ ሮቦት ታሪክ ጎን ለጎን ይወጣ ነበር። ሁለቱ የመጽሔቱ ምሰሶዎች ሆኑ። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ነበር። አቶም ያዝናል፣ ይደሰታል፣ ክፉና ደጉን ይለያል። ቴትሱጂን ግን አያስብም፣ አይናገርም፣ ጌታውንም አያውቅም። የሚታዘዘው አንቴና ላላት፣ ሁለት መዘውር ለተገጠመላት ትንሽ የሪሞት ሣጥን ብቻ ነው። ሣጥኗን ሾታሮ ሲይዛት ብረቱ ከተማ ያድናል፤ ወንበዴ ሲሰርቃት ደግሞ ያዳናትን ከተማ መልሶ ያፈርሳል። ብረቱ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ ፊቱ አይለወጥም።

የታሪኩ ኀይል እዚህ ላይ ነበር። አንባቢው ልጅ በእያንዳንዱ ወር የሚጨነቀው ብረቱ ያሸንፍ ይሆን ብሎ አልነበረም፤ ቴትሱጂንን የሚያሸንፍ ጥቂት ነውና። ጭንቀቱ ሣጥኗ በማን እጅ ትገኛለች የሚለው ነበር። ማጭድ ስንዴ ያጭዳል፤ በተጣላ ሰው እጅ ደግሞ ደም ያፈስሳል። ዮኮያማ ይህን የቆየ እውነት ለአዲስ ዘመን ልጆች በሚገባቸው ቋንቋ ነገራቸው። የሚሰሙት ልጆች ደግሞ የአባቶቻቸው ሀገር መሣሪያ አንሥታ ጎረቤቶቿን ስትወጋ፣ በመጨረሻም ራሷ ስትቃጠል የደረሱ ነበሩ።

ታሪኩ ለአስር ዓመት፣ እስከ 1966 ድረስ ያለማቋረጥ ወጣ። በ1960 ተዋንያን የተሳተፉበት አጭር የቴሌቪዥን ድራማ ተሠርቶለት ነበር፤ ነገር ግን በጊዜው ግዙፉን ብረት በፊልም ማሳየት ስላልተቻለ ቴትሱጂን ሰው የሚያህል ሆኖ ቀረ። ግዙፍነቱን ለማሳየት ብዕር ያስፈልግ ነበር፤ ያም ዕድል ብዙ አልቆየም።

ከመጽሔት ወደ ቴሌቪዥን

በጃኑዋሪ 1963 የቴዙካ አቶም በሳምንታዊ የካርቱን ፊልምነት በጃፓን ቴሌቪዥን ታየ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 20 ቴትሱጂን 28 በፉጂ ቴሌቪዥን ተከተለው። በጃፓን ካርቱን ታሪክ የግዙፍ ሮቦቶች ዘር የሚቆጠረው ከዚህ ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተሠራው ፊልም በአጠቃላይ 97 ክፍሎች ነበሩት።

የአሠራሩ ዘዴ በድህነት የተወለደ ነበር። በአሜሪካ ለሲኒማ የሚሠራ ጥሩ ካርቱን በአንድ ሴኮንድ እስከ 24 ሥዕል ይፈጅ ነበር። የጃፓን ስቱዲዮዎች ግን በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ስለነበረባቸው ያን ያህል ሥዕል የመሣል አቅምም ጊዜም አልነበራቸውም። ስለዚህ የሥዕሉን ቁጥር ቀነሱ፤ አንድን ሥዕል ደጋግመው ተጠቀሙ፤ ሰው ሲናገር ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሱ። ይህ ችግር ለቴትሱጂን በረከት ሆነለት። የብረት ፊት ስለማይንቀሳቀስ ጉድለቱ አይታይም። እንዲያውም ብረቱ ዝም ብሎ ቆሞ ድንገት ሲነሣ ለተመልካቹ ይበልጥ ያስፈራ ነበር።

ባሕር ተሻግሮ

አቶምን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ለአሜሪካ ተመልካች ያቀረበው ፍሬድ ላድ የተባለ አሜሪካዊ አዘጋጅ ነበር። ላድ ከአጋሩ ከአል ሲንገር ጋር ሆኖ የቴትሱጂንን መብት ገዛ። ከፊልሙ 52 ክፍሎችን ወስደው ድምፁን በእንግሊዝኛ ቀየሩ፤ ስሙንም ጃይጋንተር አሉት፤ ግዙፍነቱን የሚያስተጋባ ስም ነው። ፊልሙ በ1966 በኒው ዮርክና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች መታየት ጀመረ። በ1968 ወደ አውስትራሊያ ተሻገረ፤ በዚያም እጅግ ተወደደ።

ባሕሩን ሲሻገር ግን ብዙ ነገር ተወው። ሾታሮ ጂሚ ስፓርክስ ሆነ። የፖሊስ አዛዡና ሳይንቲስቱ ሳቅ የሚያጭሩ የእንግሊዝኛ ስሞች ተሰጣቸው። ዘመኑ በዚያን ጊዜ ሩቅ ወደነበረው ወደ 2000 ዓመት ተዛወረ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የብረቱ ልደት ተለወጠ። ጃይጋንተርም በጂሚ አባት ለጦር መሣሪያነት የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የጃፓን ጦርነት፣ የተቃጠለችው ከተማና የተሸነፈው ጦር በታሪኩ ውስጥ አይነሡም። ብረቱ ለሰላም ጥበቃ የቆመ የመጪው ዘመን ዘብ ተደርጎ ቀረበ። ብዙ የአሜሪካ ልጆች የሚያዩት ፊልም ጃፓናዊ መሆኑን እንኳ ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው።

ሐያስያን ፊልሙን ጩኸትና ድብድብ የበዛበት ብለው ነቀፉት። ልጆቹ ግን አልሰሟቸውም። ለዚህም ምክንያት ነበራቸው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚታዩት ካርቱኖች አብዛኞቹ የሚያስቁ እንስሳትና የሚሯሯጡ ድመትና አይጦች ነበሩ። ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ጀግናው ሁልጊዜ አዋቂ ሰው ነበር፤ ልጅ ቢኖር እንኳ ረዳት ነው። በጃይጋንተር ግን አዛዡ ልጁ ነው። ፖሊሱም ሳይንቲስቱም የሚጠብቁት የእርሱን ውሳኔ ነው። በቤት በወላጅ፣ በትምህርት ቤት በመምህር የሚታዘዝ ልጅ ያችን ሣጥን በልቡ ሲጨብጣት ምን እንደሚሰማው ለመገመት አይከብድም።

ሁለተኛው ምክንያት የብረቱ ዝምታ ነበር። ቋንቋ የለውም፣ የፊቱ ቅርጽም የማንም ሀገር አይደለም። ስለዚህ ተመልካቹ የራሱን ጓደኛ አድርጎ ሊቀበለው ይችላል። ሦስተኛው የዘመኑ መንፈስ ነው። የ1960ዎቹ የምዕራብ ልጆች የአቶሚክ ቦምብ ቢወረወር ከጠረጴዛ ሥር ለመደበቅ ይለማመዱ ነበር፤ ሮኬት ወደ ሕዋ ሲተኮስም ያያሉ። አስፈሪ ኀይል በዓለም ላይ እንዳለ ያውቁ ነበር፤ በማን እጅ እንዳለ ግን አያውቁም። ለዚህ ፍርሃት ጃይጋንተር መልስ ነበረው፤ ኀይሉ እንደ እነርሱ ባለ ልጅ እጅ ነው። የኮቤው ሕጻን በቦምቡ ሥር ሆኖ የጠየቀው ጥያቄ፣ ሳያውቁት የእነርሱም ጥያቄ ሆኖ ነበር።

የፊልሙ ዕድሜ በአሜሪካ ብዙ አልረዘመም። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ ጥቁርና ነጭ ፊልም ተፈላጊነቱ ቀነሰ። ትዝታው ግን አልጠፋም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዲኪስ የተባለው የካሊፎርኒያ የሮክ ባንድ የጃይጋንተርን መግቢያ ዜማ እንደገና ተጫውቶታል፤ በሙዚቀኞቹ ልብ ውስጥ የልጅነታቸው ብረት ገና አልዛገም ነበር።

የታዘዘውን ትቶ የሄደው ሮቦት

ዮኮያማ ወደዚሁ ሐሳብ በ1967 እንደገና ተመለሰ። ጃይንት ሮቦ በተሰኘው ሥራው ግዙፉ ሮቦት የሚታዘዘው በእጅ ሰዓት ውስጥ በተገጠመ መሣሪያ በኩል ለአንድ ልጅ ድምፅ ብቻ ነው። በተዋንያን የተሠራው የቴሌቪዥን ፊልም 26 ክፍሎች ነበሩት፤ በአሜሪካም ጆኒ ሶኮና በራሪው ሮቦቱ በሚል ስም ታይቷል።

የፊልሙ መጨረሻ በብዙ ልጆች ልብ ቀርቷል። ሮቦቱ ክፉውን የጠላት ንጉሥ ተሸክሞ ወደ ሕዋ ይበራል። ልጁ እያለቀሰ እንዲመለስ ያዝዘዋል። ዕድሜውን ሙሉ ታዛዥ የነበረው ብረት ግን በዚያች ሰዓት አይታዘዝም፤ ምድርን ለማዳን ራሱን ይሰዋል። ቴትሱጂን ልብ አልነበረውም፤ በዚህ ፊልም ግን ብረት ልብ ሲያበቅል ታየ። በአሜሪካ መንደሮች ይህን አይተው ያለቀሱ ልጆች ዛሬ አያቶች ሆነዋል።

የብረቱ ሰው ዘሮች

ቴትሱጂንን እያነበቡ ካደጉት የጃፓን ልጆች አንዱ ጎ ናጋይ ነበር። ናጋይ ካደገ በኋላ ከዮኮያማ የተለየ ሮቦት ለመፍጠር አሰበ። በመኪና መጨናነቅ የተያዙ ሾፌሮች ከፊታቸው ያለውን መኪና ረግጠው ማለፍ ቢችሉ ብሎ ሲያሰላስል፣ ሰው እንደ መኪና ውስጡ ገብቶ የሚነዳው ሮቦት ታየው። በ1972 ማዚንገር ዜድ ተወለደ። ከዚያ በኋላ በጃፓን ካርቱን ልጁ ከውጭ ሆኖ ሣጥን ከመጨበጥ ይልቅ በብረቱ ራስ ውስጥ መቀመጥ ጀመረ።

ናጋይ የፈጠረው ሌላው ሮቦት ግሬንዳይዘር በ1978 በጣሊያንና በፈረንሳይ ታየ። በፈረንሳይ ጎልዶራክ ተባለ፤ ልጆች ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሣ አሉ። መጽሔቶች ስለ ሮቦቱ ጻፉ፤ ወላጆችና ፖለቲከኞች ድብድቡ በዛ ብለው ተከራከሩ። በ1966 በአሜሪካ የተሰማው ወቀሳ ከ12 ዓመት በኋላ በአውሮፓ ተደገመ። በዚህም ጊዜ የልጆቹን ፍቅር አልቀነሰውም።

ካትሱሂሮ ኦቶሞ የተባለው ሌላ ደራሲ በ1982 አኪራ የተሰኘውን ሥራውን ሲጀምር ለዮኮያማ ያለውን አክብሮት በስም ገለጸ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ካኔዳ ይባላል፤ ከተማ ማጥፋት የሚችለው ምስጢራዊ ልጅ ደግሞ 28ኛው ቁጥር ነው። በ1988 የወጣው የአኪራ ፊልም በምዕራቡ ዓለም የጃፓን ካርቱን ለልጆች ብቻ አለመሆኑን ካሳዩት ሥራዎች ግንባር ቀደሙ ሆነ። ሜክሲኳዊው የፊልም ዳይሬክተር ጊዬርሞ ዴል ቶሮም በ2013 ፓሲፊክ ሪም የተሰኘውን የግዙፍ ሮቦቶች ፊልም ሲሠራ ከልጅነት ፍቅሮቹ መካከል ቴትሱጂንን ጠቅሷል።

ብዕሩ ያላረፈው ሰው

ዮኮያማ የብረት ሰው ሣይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1964 ሂካሪ ፕሮዳክሽን የተባለውን የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ ሂካሪ ማለት ብርሃን ነው። ኒንጃ ስለሚባሉት የጥንት ጃፓን ሰላዮች የጻፋቸው ታሪኮች በዘመኑ ገናና ነበሩ። በ1966 ለልጃገረዶች የጻፈው ጠንቋይቱ ሳሊ በካርቱንነት ሲቀርብ በጃፓን ለብዙ ዓመታት የዘለቀ አዲስ ዘርፍ ከፈተ። የዚያ ሐሳብ መነሻ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ መሆኑ ሲታሰብ፣ በሁለቱ ሀገሮች መካከል ያለው መዋዋስ የአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ ይታያል።

በሀገሩ ከሁሉ በላይ ያስከበረው ሥራ ግን የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ ነው። ይህ ከ1,700 ዓመታት በፊት በቻይና ስለተካሄደው የሥልጣን ጦርነት የሚተርክ ጥንታዊ ታሪክ ነው። ዮኮያማ በ1971 ጀምሮ ከ15 ዓመታት በላይ ደክሞ በ60 ቅጽ ጨረሰው። በ1991 ከጃፓን ካርቱን ሠሪዎች ማኅበር ሽልማት አስገኘለት። በዚህም ሥራው የሚጠይቀው ያንኑ የቆየ ጥያቄ ነበር፤ ሠራዊትና ሥልጣን በማን እጅ ሲገባ ሀገር ይድናል፣ በማን እጅ ሲገባስ ይጠፋል?

የመጨረሻዎቹ ቀናት

ኤፕሪል 7/2004 በጃፓን ቴሌቪዥን አዲስ የቴትሱጂን 28 ፊልም መታየት ጀመረ። ዳይሬክተሩ ያሱሂሮ ኢማጋዋ ታሪኩን ወደ መሠረቱ መለሰው። ዘመኑ ጦርነቱ ካበቃ አስር ዓመት በኋላ ነው፤ ብረቱም ሊረሳ የተፈለገው ጦርነት ጥሎት ያለፈ ውርስ ሆኖ ቀረበ። ልጁ አባቱ ለምን እንደሠራው ይጠይቃል፤ መልሱ ያሳምመዋል። ይህ ፊልም ወደ አሜሪካም ተሻገረ። ከ40 ዓመት በፊት ከጃይጋንተር የተቀነሰው የተቃጠለ ሜዳ በዚህ ጊዜ ሳይሸፈን ደረሳቸው።

ዮኮያማ ግን የዚህን ፊልም ፍጻሜ ለማየት አልታደለም። ፊልሙ መታየት በጀመረ በስምንተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 15 ማለዳ፣ ቶኪዮ በሚገኘው መኖሪያ ቤቱ እሳት ተነሣ። ከባድ ቃጠሎ ደርሶበት ወደ ሆስፒታል ቢወሰድም ሊተርፍ አልቻለም፤ በዚያው ዕለት በ69 ዓመቱ አረፈ። ከተማው በእሳት ስትጠፋ በሩቅ የተረፈው ልጅ በእርጅናው እሳት ወሰደው።

በናጋታ የቆመው ብረት

የኮቤ መከራ በ1945 አላበቃም። ልክ ከ50 ዓመት በኋላ፣ ጃኑዋሪ 17/1995 ንጋት ላይ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን መታት። በአደጋው ከ6,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። ትናንሽ የጫማ መሥሪያ ቤቶችና የእንጨት ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙበት የናጋታ ክፍለ ከተማ መንቀጥቀጡን ተከትሎ በተነሣው እሳት ክፉኛ ተቃጠለ። ሕንጻዎቹ እንደገና ቢሠሩም ከሰፈሩ የሄዱት ነዋሪዎች ሁሉ አልተመለሱም፤ ገበያውም ቀዘቀዘ።

የሰፈሩ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች ይህን ዝምታ ለመስበር ሲመካከሩ የከተማቸውን ልጅ አስታወሱ። ገንዘብ አሰባሰቡ፤ ከከተማው አስተዳደርም ድጋፍ አገኙ። በ2009 በናጋታ በሚገኘው ዋካማትሱ መናፈሻ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ከብረት የተሠራ የቴትሱጂን 28 ሐውልት ቆመ። እግሮቹን አንፈራጥጦ፣ ጡጫውን ጨብጦ ወደ ሰማይ ያያል። ለዚያ ሰማይ የኮቤ ሰዎች የቆየ ትዝታ አላቸው። ሐውልቱን ለማየት ከጃፓን ክፍለ ሀገራት ብቻ ሳይሆን በልጅነታቸው ጃይጋንተር ብለው ከሚጠሩት ሀገሮችም ሰዎች ይመጣሉ። ፎቶ ይነሣሉ፤ ከሰፈሩ ሱቅ ይገዛሉ፤ ከሰፈሩ ምግብ ቤት ይመገባሉ።

ዮኮያማ ለጦርነት ተሠርቶ ጦርነት ያመለጠውን ብረት ሲሥል፣ ያ ብረት አንድ ቀን የትውልድ ከተማውን ገበያ ለማቅናት ይቆማል ብሎ አላሰበ ይሆናል። በሐውልቱ አካባቢ የሪሞት ሣጥን የለም። ብረቱን ያቆሙት የሰፈሩ ነዋሪዎች ናቸው፤ ለምን እንደሚያገለግልም የወሰኑት እነርሱ ናቸው።